ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ የሕሙማንና ከባርነት ነጻ የወጡ ሕፃናት ባለውለታ
በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆኑ የሚነገርላቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት በጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ተወስደው፣ ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም አደጉ፤ በላሆርም ሕክምና አጠኑ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛን ዘንግተውት ነበር። ሆኖም ሕሙማንን አከሙ፤ በ1917 ዓ.ም የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ሕፃናትም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በፋሽስት ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለአገራቸው ሲሟገቱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በ1929 ዓ.ም በጠላት ተገደሉባቸው። በ1945 ዓ.ም ያረፉት ሐኪም ወርቅነህ፣ በሕፃንነታቸው የተለዩትን ወገን በዕውቀታቸው አገልግለው አልፈዋል።