በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ወደ ዓድዋ ወርደው፣ ከድሉ በኋላ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰውም የጨርጨር ገዥ ሳሉ የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ባዘዟቸው ጊዜ የጃፓንን የ1881 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አብነት አደረጉ። ሁለቱም ሕጎች ከዘውድ የተሰጡ ናቸው፤ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁመዋል፤ ዳኞችም በንጉሠ ነገሥቱ ስም እንዲፈርዱ ደንግገዋል። ልዩነታቸው በታችኛው ምክር ቤት ላይ ነው። በጃፓን መጀመሪያ ከፍ ያለ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች እንደራሴዎቻቸውን መረጡ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በጸደቀው የኢትዮጵያ ሕግ ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መራጮቹ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ሆኑ። ግብር የሚከፍለው ገበሬ ድምፅ አልነበረውም። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ወጥቶ ሕዝቡ እስኪመርጥ ድረስ ብዙ ዓመት ጠበቀ።

በጅሮንድ ይህንንም የዘውዱንም መውደቅ አይተው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ገበሬም ሆነ ከተሜ ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሟገት፣ ዳኛው የሚፈርድለት በንጉሥ ስም አይደለም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ነውና።