ጎጀብን የተሻገሩት አቡነ ማስያስ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ዓምድ ተራው የእኔ ስለሆነ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ሰውየው አቡነ ማስያስ ይባላሉ። የማንንም እምነት ለመስበክ እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ልናገር።

ለምን እሳቸውን መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ከከምባታ በሰፈራ ወደ ዴቻ የመጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ቤተ ክርስቲያን አልነበራቸውም። እሑድ እሑድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ይበተናሉ። ቆይተው እንጨት ቆርጠው፣ ሣር አጭደው አንድ ጎጆ ሠሩ። ቆርቆሮ የለበሰው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ምሰሶውን አብረዋቸው የተሸከሙት የካፋ ጎረቤቶቻቸው እንደነበሩ አያቴ ሁሌ ያወራሉ። አንድ ቀን ግን በእረፍት ሰዓት አንድ ልጅ እናንተ እኮ መጤ ናችሁ አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሩቅ ወደ ካፋ ስለመጡ ሰዎች ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

አቡነ ማስያስ የተወለዱት በ1809 በኢጣሊያ አገር፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር ነው። የአገራቸው ስም ጉልየልሞ ማሳያ ነው። ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባል ሆኑ። በ1846 ጳጳስ ተብለው በኦሮሞ አገር እንዲያስተምሩ ተላኩ። በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ፤ ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ተዘጋባቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ተንከራተቱ። በመጨረሻ ነጋዴ መስለው ከግብፅ ተነሡና በሱዳን አድርገው ጎጃም ገቡ። ዓባይን ተሻግረው በኅዳር ወር 1852 ጉዱሩ፣ አሰንዳቦ ደረሱ። አሁን በመኪና የምንሄደውን መንገድ እሳቸው በእግርና በበቅሎ ነው የሄዱት።

እዚያ ሲደርሱ ቶሎ ቤተ ክርስቲያን ልሥራ አላሉም። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ሕዝቡን ይፈጅ ነበር። አቡነ ማስያስ ክትባት ያውቁ ስለነበር ክንድ ላይ ትንሽ ጭረት እያደረጉ ብዙ ሺህ ሰው ከተቡ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ነበር። በዚህ የተነሣ የፈንጣጣ አባት የሚል ስም ወጣላቸው። ፈንጣጣ ከአገራችን ጨርሶ የጠፋው በ1976 ስለሆነ፣ እሳቸው የጀመሩት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው ማለት ነው። ደግሞም ቋንቋ ተማሩ። ኋላ ላይ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው መጽሐፍ ጽፈው በ1867 ፓሪስ ላይ አሳትመዋል።

አሁን ወደ ካፋ እንምጣ። በዚያን ጊዜ ካፋ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ታቶ ይባላል። አገሩ በጥልቅ ቦይና በበር ጠባቂዎች የታጠረ ስለነበር ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም አይቻልም። አቡነ ማስያስ በመጀመሪያ በ1855 አባ ቼዛሬ የሚባሉ ቄስ ላኩ፤ ራሳቸው በ1859 ጎጀብን ተሻግረው መጡ።

ሲመጡ አንድ የሚገርም ነገር አገኙ። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ክርስትና ወደ እናርያ ገብቶ ነበር፤ ወደ ካፋም እንደዘለቀ ይተረካል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተቆርጦ ከሌላው አገር ቄስ መምጣት ቀረ። ሆኖም በካፋ ከድሮው ክርስትና የተረፉ በዓላትና ልማዶች ያልተዉ ሰዎች ነበሩ። ሕንፃው ባይኖር፣ መጽሐፉ ቢጠፋ እንኳ ሰው በልቡ ይዞት ቆይቷል። ይህን ሳነብ የአያቴ ዛፍ ትዝ አለኝ።

የአቡነ ማስያስም ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ሕንፃ አልነበረም፤ እንደ አገሬው ቤት የእንጨትና የሣር ነበር። ይህም ቢሆን ብዙ አልቆየላቸውም። በነሐሴ 1861 ባለሥልጣናቱ ከካፋ አስወጧቸው። የቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ግን ያስተማሯቸው ኢትዮጵያውያን ቄሶች ስለነበሩ ሥራው አብሯቸው አልወጣም።

ከዚያ በኋላ በ1868 ወደ ሸዋ መጡ። ምኒልክ ተቀብለዋቸው ለዓመታት አማካሪያቸው ሆኑ። በኋላ ግን አፄ ዮሐንስ ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። ሰውየው ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። ወደ ኢጣሊያ ተመልሰው በ1884 ካርዲናል ተባሉ። በኢትዮጵያ ስላሳለፉት 35 ዓመት 12 ቅጽ መጽሐፍ ጻፉ። በ1889 በ80 ዓመታቸው ዐረፉ፤ መቃብራቸው ፍራስካቲ በምትባል ከተማ ነው።

ዛሬ በቦንጋና በአካባቢዋ የተለያዩ ቤተ ክርስቲያናት አሉ፣ መስጊዶችም አሉ። ሁሉም ዛሬ በድንጋይና በብሎኬት ቢሠሩም አብዛኞቹ የጀመሩት ከሩቅ በመጣ ሰውና በተቀበለው የአገር ሰው ይመስለኛል። አንዱ ያለ ሌላው ጎጆ እንኳ ማቆም አይችልም። ምሰሶ ለብቻ አይነሣማ!

እኔ ከአቡነ ማስያስ የተማርኩት ይህን ነው። መጤ መባል አሁን ብዙም አያናድደኝም። ግን የመጣ ሰው ደግሞ ሥራ አለበት፤ ቋንቋውን መማርና ለሰፈሩ መጥቀም። እኔም ከጎረቤታችን ከእማማ ጋር ካፊኖኖ እየተለማመድኩ ነው። ስሳሳት ይስቁብኛል፤ ከዚያ ያርሙኛል። ያ ልጅ ይህን ካነበበ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።