ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ፦ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከለላ የሰጠው ሙሽሪክ

ቁረይሾች በኒ ሃሺምንና በኒ ሙጦሊብን አግልለው ለሦስት ዓመት ያህል አስራቧቸው። የበኒ ነውፈሉ መሪ ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ ግፉን ጠልቶ ውሉን ካፈረሱት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሙሽሪክ ነበር።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጧኢፍ ላይ በድንጋይ ተወግረው ሲመለሱም መካ የሚያስገባቸው አጡ። ሁለት ሰዎች ከለላ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ሙጥዒም ግን ልጆቹን አስታጥቆ ከዕባ ዘንድ አቆመ፤ በእርሱ ጥበቃ ሥር መሆናቸውንም በይፋ አሳወቀ።

ሳስተምር ተማሪዎች ያለ ኢማን መልካም ሥነ ምግባር ይኖራል ወይ ይሉኝ ነበር። መልሴ ይህ ሰው ነው። አላህ ሰውን የፈጠረበት ፊጥራ፣ ባለቤቱ ባያምንም፣ ግፍን ከፍትሕ ይለያል። የአኺራ ምንዳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ ኢማንን ይጠይቃል።

ሙጥዒም ሳይሰልም፣ ከበድር ዘመቻ በፊት ሞተ። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር 70 ያህል ቁረይሾች ሲማረኩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ቢያማልዳቸው ሁሉንም ለእርሱ ሲሉ ይለቋቸው እንደነበር ገለጹ። ይህን ያስተላለፈው ልጁ ጁበይር ነው። ጁበይር ያኔ ሙሽሪክ ነበር፤ ስለ ምርኮኞቹ ጉዳይ መዲና መጥቶ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመግሪብ ሶላት ሱረቱ አጥ-ጡርን ሲቀሩ ሰማ። ኢማን መጀመሪያ ወደ ልቡ የገባው በዚያ ምሽት ነው።