ብረቱ የሚወጣበት ቀን፤ የፕሮፌሰር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ሕይወትና ሥራ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ የመጋዘኑ ወዛደርና በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሰው ከባድ መኪና በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ይጋፋሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ የቅልጥም አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የውጭ መጠገኛ ብረት ተገጥሞለት ወራት ያሳለፈ ሕመምተኛም ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ብረቱ የሚወጣበትን ቀን ነው። ከሥራው ርቆ የሚውልበት እያንዳንዱ ሳምንት ከቤተሰቡ እንጀራ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ ጥያቄው ከትዕግሥት ማነስ ሊቆጠርበት አይገባም። ሐኪሙም በሁለት ስጋት መካከል ይቆማል። ብረቱ ቀድሞ ቢወጣ ያልጠናው አጥንት ይጎብጣል ወይም ዳግመኛ ይሰበራል። ያለአግባብ ቢዘገይ ደግሞ ሽቦው የገባበት ቀዳዳ ይመግላል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል።

ይህን ቀን በመወሰን ጥበብ ስማቸው ከሚነሳ ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት ሶቪየታዊው ሐኪም ጋቭሪል አብራሞቪች ኢሊዛሮቭ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1921 በፖላንድ፣ በቢያሎቪዬዣ ሲሆን ያደጉት በአዘርባጃን ተራራማ አገር ነው። ብዙ ልጆች ካሉት ድኻ ቤተሰብ የተገኙ የበኩር ልጅ ነበሩ፤ አባታቸውም ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው ትምህርት ቤት የገቡት ዘግይተው ነው። በክሪሚያ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲማሩ ጦርነቱ ደርሶ ትምህርት ቤቱ ወደ ካዛክስታን ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1944 እንደ ተመረቁ በምዕራብ ሳይቤሪያ በኩርጋን ክፍለ ሀገር ወደምትገኝ ዶልጎቭካ ወደምትባል መንደር ተላኩ።

ወጣቱ ሐኪም በዚያ የተገናኙት ከጦር ሜዳ የተመለሱ፣ አጥንታቸው ሳይገጥም የቀረ ወይም ተጣሞ የገጠመ ሰዎችን ነበር። የጊዜው መድኃኒት ጀሶና ረዥም የአልጋ ቁራኛነት ብቻ ነበር። ኢሊዛሮቭ ግን ከስብራቱ በላይና በታች ቀለበቶችን አስቀመጡ። ቀጫጭን ሽቦዎችን በአጥንቱ ውስጥ አሳልፈው እንደ ብስክሌት ራጂ ወጥረው ከቀለበቶቹ ጋር አሰሩ፤ ቀለበቶቹንም ጥርስ ባላቸው ዘንጎች አያያዟቸው። ለፈጠራው መብት ያመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። በዋና ከተማው የነበሩ ታላላቅ የሙያ ሰዎች ግን ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ ተመለከቷቸው፤ ከሐኪም ይልቅ እንደ ብረት ሠራተኛ የቆጠሯቸውም አልጠፉም። ቀጥቃጭን መናቅ በአገራችንም የቆየ በሽታ በመሆኑ ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

አንድ ሕመምተኛ ዳዶውን በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሮ በተከፈተው ክፍተት ውስጥ አዲስ አጥንት እንደ ተገኘበት ይነገራል። የታሪኩ ዝርዝር እንደ ተራኪው ይለያያል። የተረጋገጠው ኢሊዛሮቭ በብዙ ምርምር ያጸኑት ሕግ ነው፤ ሕያው አካል በዝግታና በማያቋርጥ ኃይል ሲሳብ ያድጋል። ልኩም በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ያውም በ4 ጊዜ ተከፍሎ ነው።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው አጥንት ማስረዘማቸው ቢሆንም ለዕለት ሥራ የሚበልጠው ትምህርታቸው ከዚህ የተለየ ነው። ራጅ ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም። ዛሬ በሰፊው የተለመደው መመዘኛ ከፊትና ከጎን በተነሳ ራጅ ላይ ከ4ቱ የአጥንት ግድግዳዎች ቢያንስ 3ቱ በአዲስ አጥንት ተያይዘው መታየት አለባቸው የሚል ነው። ይሁን እንጂ ቀለበቱና ዘንጉ ራሱ የስብራቱን መስመር ሊሸፍነው ይችላል፤ አንዱን ፊልም ሁለት ሐኪሞች አይተው የተለያየ ፍርድ መስጠታቸውም የታወቀ ነው። ከሁሉም በላይ ራጅ የሚያሳየው የአጥንቱን ጥላ እንጂ ጥንካሬውን አይደለም።

ስለዚህ በኩርጋን ሥርዓት አጥንቱ ራሱ ይፈተናል። ቀለበቶቹና ሽቦዎቹ በቦታቸው ሳሉ በስብራቱ ላይ የሚያልፉት ዘንጎች ይፈታሉ። ሐኪሙ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል በሁለት እጁ ይዞ ከፊት ወደ ኋላና ወደ ጎን ቀስ ብሎ ይገፋል። እንቅስቃሴና ሕመም ከሌለ ሕመምተኛው ዘንጎቹ እንደ ላሉ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፣ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይራመዳል። ከዚያ ራጅ ተነስቶ የአጥንቱ መስመር ካልተዛነፈ ብረቱ ይወጣል። ፈተናውን ያላለፈ እንደሆነ ዳዶው መልሶ ይጠብቃል፤ የጠፋ ነገር የለም። ብረቱን አውጥቶ መጸጸት ግን ሌላ ነው።

በዚህ ፈተና የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ በሕመምተኛው ቃል ብቻ የሚመሩ ናቸው። ብረቱ የሰለቸው ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ ነርቩ የተጎዳ ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ደግሞ ሕመሙን ላይሰማው ይችላል። በጠንካራ ጅማት ብቻ የተያያዘ ስብራትም አንዳንዴ አያምም። አካሄዱን ማየት፣ በምርኩዙ ላይ የቱን ያህል እንደሚደገፍ መመልከት ከመጠየቅ ይበልጣል።

ዝናቸው የተስፋፋው በታካሚዎቻቸው እግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ በከፍታ ዝላይ ያሸነፈው ቫለሪ ብሩሜል በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ተሰብሮ በብዙ ቀዶ ሕክምና ሳይድን ቀርቶ ነበር። በ1968 ወደ ኩርጋን ሄዶ ድኖ ከ2 ሜትር በላይ ለመዝለል በቃ። በዚያው ዓመት ኢሊዛሮቭ ለዝቅተኛው ማዕረግ ያቀረቡት ጽሑፍ በቀጥታ የዶክትሬት ማዕረግ አሰጣቸው። በ1971 በኩርጋን የምርምር ተቋም ተቋቋመላቸው። ለረዥም ዘመን በተጎዳ እግር የኖረው ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪም በ1980 በእጃቸው ታክሞ ስለ ዳነ በ1981 ቤላጆ ላይ ለምዕራብ ሐኪሞች ትምህርት እንዲሰጡ ተጋበዙ። ያረፉት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1992 በኩርጋን ነው።

የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በሚገኝበት በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህን ፈተና ለማድረግ የሚያስፈልገው መፍቻ፣ ሁለት እጅና ተራ ራጅ ነው። የሚከብደው ቀጠሮው ነው። ዘንጉ ተፈትቶለት ወደ ሩቅ ገጠር የሚሄድ ሕመምተኛ አጥንቱ ቢጎብጥ የሚያጠብቅለት የለም፤ አንዳንዱም ከዚያ ወዲያ የሚታየው ወጌሻ ዘንድ ነው። ስለዚህ ዘንጉ መፈታት ያለበት ሕመምተኛው በከተማው ማደሪያ እንዳገኘና እስከሚቀጥለው ራጅ ድረስ እንደሚቆይ ከታወቀ በኋላ ነው።