ከኅዳር በሽታ የተረፉት አልጋ ወራሽ

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም አዲስ አበባ ቀባሪ ያጣች ከተማ ሆና ነበር። በዓለም ዙሪያ እስከ 50 ሚሊዮን ሰው እንደፈጀ የሚገመተው ኢንፍሉዌንዛ መዲናዪቱን ያጥለቀለቀው በዚያ ወር ነው። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የጠራው ይህ ወረርሽኝ ቤተ መንግሥቱንም አልማረም። የ26 ዓመቱ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ እንደራሴ ራስ ተፈሪ መኮንን በጽኑ ታመሙ።

ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸውን ወይዘሮ የሺመቤትን በሕፃንነታቸው፣ አባታቸውን ራስ መኮንንን በ13 ዓመታቸው አጡ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ።

ወረርሽኙ ሲገባ ሹመቱ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ልጅ ኢያሱ አልተያዙም፤ የተፈሪ የበኩር ወንድ ልጅ አስፋ ወሰንም ገና ሕፃን ነበሩ። እንደራሴው በዚያ አልጋ ላይ ቢያርፉ ኖሮ የዘውዱ ወራሽ ማን እንደሚሆን ዳግመኛ ባከራከረ ነበር።

ዕድሜያቸውም የሚያስፈራ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትንና አረጋውያንን ሲጎዳ፣ የያኔው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ብርቱዎች በብዛት ቀጥፏል። ብዙዎቹን ለሞት ያበቃቸው ተከትሎ የመጣው የሳንባ ምች ነው። ቫይረሱ የመተንፈሻ ቧንቧን ሽፋንና ቆሻሻን ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ጸጉሮች ያወድማል። ያን ጊዜ በአፍንጫና በጉሮሮ ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባ ይወርዳሉ፤ የአየር ከረጢቶቹ በፈሳሽ ይሞላሉ፤ በሽተኛውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ተሻለው ሲባል ትኩሳቱና ሳሉ የሚብስበት ሕመምተኛ ዛሬም ፈጥኖ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በ1911 ዓ.ም ግን የሐኪም እጅ ባዶ ነበር። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም፤ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በሰው ላይ የተለየውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ነው። በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ተፈሪ በሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው ክፉኛ ታመው በፈጣሪ ቸርነት እንደዳኑ ጽፈዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም ገደማ፣ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለውን የቤተ ሳይዳ ሆስፒታል አቋቋሙ። በ1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ፤ ዘውዱም እስከ 1967 ዓ.ም መስከረም ድረስ በእጃቸው ቆየ።

ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም በ83 ዓመታቸው አረፉ። ደርግ የሞታቸው ምክንያት ሕመም መሆኑን ቢያሳውቅም፣ ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በባለሥልጣናቱ ላይ የቀረበው ክስ ንጉሠ ነገሥቱ ታንቀው እንደተገደሉ ገልጿል።

የዚያ ወረርሽኝ ትዝታ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በየሰፈሩ በሚቃጠለው ቆሻሻ ጢስ ይታሰባል። ጢሱ ቫይረሱን አያባርርም፤ የታመመ ሳንባንም ያስቆጣል። የጽዳቱ ልማድ ግን በዚያ ኅዳር ላለቁት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ መታሰቢያ ሆኗል።