ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ፦ ማርስን በካርታ ያሰፈረው መሐንዲስ

በማርስ ካርታ ላይ፣ ከወገቧ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ ኤትዮፒስ የሚባል ሰፊ ምድር ይገኛል። ስሙ የጥንት ግሪኮች ከግብጽ ወዲያ ያለውን አገር ይጠሩበት ከነበረው ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1958 ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥም ሰፍሯል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገራችን የቀድሞ ሊቃውንት መሪኅ ሲሉ ለሚጠሯት ለዚህች ፈለክ ይህን የቦታ ስም ያወጣላት ሰው የሚላኖው ከዋክብት ተመልካች ጆቫኒ ቪርጂኒዮ ስኪያፓሬሊ ነው። ዝናው ዓለምን ያዳረሰ ቢሆንም፣ የታወቀው ባልተናገረው ነገር ጭምር ነው። አስቀድሞ የተማረው ሙያ የእኛው የምሕንድስና ሙያ መሆኑ ደግሞ እምብዛም አይነሣም።

ስኪያፓሬሊ በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንት አገር፣ ሳቪልያኖ በተባለች ከተማ ማርች 14 ቀን 1835 ተወለደ። በቱሪን ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምሕንድስናና የሕንፃ ሥራ ተምሮ በ1854፣ ገና በ19 ዓመቱ ተመረቀ። ለጥቂት ጊዜ ሒሳብ ካስተማረ በኋላ ግን ልቡ ወደ ሰማይ አደላና ወደ በርሊን ሄዶ ከኤንከ ዘንድ፣ ከዚያም በሩሲያ በፑልኮቮ መመልከቻ ከስትሩቭ ዘንድ ተማረ። በ1860 በሚላኖ ወደሚገኘው የብሬራ መመልከቻ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አለቃው ሲሞት ኃላፊነቱን ተረክቦ እስከ 1900 ድረስ፣ ማለትም 38 ዓመት ሙሉ፣ ከዚያው ሳይነቃነቅ ሠራ።

በ1861 ሄስፔሪያ የተባለችውን ንኡስ ፈለክ አገኘ። በ1866 ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠውን አከናወነ፤ ይኸውም በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ የሚታዩት ተወርዋሪ ከዋክብት የሚጓዙበት ምሕዋር በ1862 ከታየው ጅራታም ኮከብ ምሕዋር ጋር አንድ መሆኑን በስሌት ማሳየቱ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ጅራታሙ ኮከብ በመንገዱ ጥሎት የሚያልፈው ትቢያ መሆኑ የተረጋገጠው ከዚህ በኋላ ነው። የለንደኑ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር በ1872 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ግኝቱ እስከ ዛሬ አልተናወጠም፤ ነገር ግን ሕዝብ የሚያስታውሰው በዚህ አይደለም።

በ1877 ማርስ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እስክትደርስ ድረስ ወደ ምድር ቀረበች። ስኪያፓሬሊ ያኔ የሌንሱ ስፋት 22 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ነበረው። ሥራውን የጀመረው እንደ ቀያሽ ነው። ሥዕል ከመሣሉ አስቀድሞ በማይክሮሜትር 62 ነጥቦችን ለክቶ ኬክሮሳቸውንና ኬንትሮሳቸውን ወሰነ፤ የቀረውንም ሁሉ በእነዚያ ላይ ተመሥርቶ ሞላ። መሬት የቀየሰ ባልደረባችን ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ካርታ ሠሪዎች ለቦታዎቹ የከዋክብት ተመልካቾችን ስም ይሰጡ ነበርና ይህ ለማን ተሰጠ፣ ለማን ቀረ የሚል ቅሬታ አላጣውም። እርሱ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ከጥንት ጂኦግራፊ፣ ከአፈ ታሪክና ከመጽሐፍ ቅዱስ ወሰደ፤ ሊቢያ፣ ዐረቢያ፣ ኤደን፣ ኤትዮፒስ እያለ ሰየማቸው። ማስተዋሉ እንዳይዛባ ከመጠጥ ብቻ ሳይሆን ቡና ከማብዛትም ይቆጠብ ነበር፤ ይህን ሥርዐት በእኛ አገር ማስከበር ቀላል አይመስለኝም።

ጥንቃቄው ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ወራት ብሩህ በሆነው ምድር ላይ የሚያቋርጡ ቀጫጭንና ጠቋቁር መስመሮች አየ። በቋንቋው ካናሊ አላቸው። ይህ ቃል በኢጣልያንኛ ውኃ ራሱ ቦርቡሮ ያወጣውን ፈፋም፣ ሰው የቆፈረውን ቦይም ይይዛል። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን የተመረጠለት ሰው የሚቆፍረው ቦይ ሆነ። የስዊዝ ቦይ ከተከፈተ ገና 8 ዓመቱ ስለ ነበር፣ ነገሩ በሰው ሁሉ አእምሮ ውስጥ ነበር። ቦይ ካለ ቆፋሪ አለ፤ ቆፋሪ ካለ መሐንዲስ አለ።

የአንድ ቃል ትርጉም ከየት እንደሚያደርስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ስኪያፓሬሊ ሴናተር ሆኖ የተሾመው በ1889 ሲሆን፣ መንግሥቱ የውጫሌን ውል ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተዋዋለውም በዚያው ዓመት ነው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ሊላላኩ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የዚያ ፍጻሜ ዐድዋ ሆነ። የማርሱ ቃል የተዛባው በቸልታ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የውሉን ግን እንዲያ ለማለት ይቸግራል።

ቦይ የሚለውን አሳብ ይዞ የሮጠው አሜሪካዊው ባለጠጋ ፐርሲቫል ሎዌል ነው። በ1894 በአሪዞና የራሱን መመልከቻ አቋቁሞ፣ መስመሮቹ የዋልታውን በረዶ ውኃ ወደ ደረቁ ሜዳዎች የሚያደርሱ የመስኖ ሥራዎች መሆናቸውን በመጻሕፍት አስፋፋ። ስኪያፓሬሊ ራሱ መጀመሪያ የተፈጥሮ ናቸው ወደሚለው ያደላ ነበር። በ1895 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ስለ ማርስ ነዋሪዎችና ስለ መስኖ አስተዳደራቸው፣ ግማሹን በቁም ነገር ግማሹን በጨዋታ፣ ምናቡን ለቀቀው። አንባቢው ጨዋታውን ጥሎ ቁም ነገሩን ብቻ ያዘ። ሎዌልን በአደባባይ አለመቃወሙን እንደ ጉድለት እቆጥርበታለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከእርሱ የበለጠ የሚደመጥ ሰው አልነበረምና።

ጥርጣሬው በስሌት ሊቀርብ የሚችል ነበር። 22 ሳንቲ ሜትር ሌንስ ማርስ እጅግ በቀረበችበት ሌሊት እንኳ ከ150 ኪሎ ሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጠብጣቦችን ለያይቶ ማሳየት ያዳግተዋል። ነጠብጣቦቹ ሲበዙ ዐይን ራሱ ያያይዛቸውና መስመር ያደርጋቸዋል። በ1909 አንቶኒያዲ በፓሪስ አጠገብ፣ በሜዶን፣ በ83 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ሲመለከት መስመሮቹ ተበታትነው ያልተስተካከሉ ነጠብጣቦች ሆነው ታዩት።

ስኪያፓሬሊ በዚያ ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ዐይኑ ግን ደክሟል። ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ወደ ጥንት ቋንቋዎችና ወደ ታሪክ አዘንብሎ፣ በብሉይ ኪዳን ስለሚገኘው የሥነ ፈለክ ዕውቀት በ1903 መጽሐፍ አሳተመ። ጁላይ 4 ቀን 1910 በሚላኖ አረፈ። ሜርኩሪ በራሷ ዛቢያ የምትዞረው በ88 ቀን ነው ያለው ውሳኔው ከእርሱ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ በመማሪያ መጻሕፍት ኖሮ፣ በ1965 የራዳር ልኬት 59 ቀን መሆኑን ሲያሳይ ወደቀ።

በዚያው በ1965 ጁላይ ወር መሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በማርስ አጠገብ አልፋ ከ20 በላይ ፎቶግራፎች ላከች። ጨረቃን የሚመስል ጎድጓዳ ምድር እንጂ ቦይ አልታየም። በ1971 ማርስን መዞር የጀመረችው መሪነር 9 ግን ውኃ የቦረቦራቸውን ደረቅ የወንዝ መውረጃዎች አገኘች። ካናሊ በፈፋ ትርጉሙ ቢያዝ ኖሮ ቃሉ ባልከፋ ነበር፤ ቦታቸው ግን ከስኪያፓሬሊ መስመሮች ጋር አይገጥምም።

በ2016 የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ማርስ ላይ ለማሳረፍ የላከውን መንኮራኩር በስሙ ጠራው። ኦክቶበር 19 ቀን ሲወርድ፣ የመዞር ፍጥነቱን የሚለካው መሣሪያ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ከመለኪያው ጣሪያ በላይ ደረሰ። ኮምፒዩተሩ ይህን ተቀብሎ ሲያሰላ፣ መንኮራኩሩ ከመሬት በታች እንደ ሆነ ቆጠረ። ጃንጥላው ተለቀቀ፤ የማቆሚያ ሮኬቶቹ ከ3 ሴኮንድ በኋላ ጠፉ፤ መንኮራኩሩም ከ3.7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወርዶ ተከሰከሰ። በዓለማችን ላይ ከደረሱት የመለኪያ አደጋዎች ሁሉ ለትምህርት የሚመች ይህ ይመስለኛል።

እኔ ከምኖርበት ከጉለሌ ሽቅብ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት መመልከቻ በ2015 ተመርቋል። እያንዳንዳቸው ብርሃን የመሰብሰብ አቅማቸው ከስኪያፓሬሊ ሌንስ 20 እጥፍ ይሆናል። በ2019 በተደረገው ዓለም አቀፍ የስያሜ ዘመቻ ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ክዋክብት ውስጥ ያለችን አንዲት ፀሐይ ቡና፣ በዙሪያዋ የምትዞረውንም ፈለክ አቦል ብላ ሰይማለች። አቦል ከጁፒተር የምትከብድ በመሆኗ ሕይወት ይገኝባታል ተብሎ አይጠበቅም።

የሕይወት ፍለጋው የተጋጋለው እዚያው ማርስ ላይ ነው። ፔርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2021 ጄዜሮ በተባለ፣ ጥንት ሐይቅ በነበረበት ጎድጓዳ ሥፍራ አርፋ፣ በ2024 ነብርማ ጠቃጠቆ ያለበት ቋጥኝ አገኘች። በ2025 በታተመው ጥናት ነገሩ የጥንት ሕይወት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ተገለጠ፤ ያለ ሕይወት በኬሚካል ለውጥ ብቻ ሊፈጠር እንደሚችልም አብሮ ተጻፈ።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የቀረበው መሞከሪያ ግን በአገራችን፣ በአፋር፣ በዳሎል ይገኛል። በ2019 ከስፔን የመጡ ተመራማሪዎች በዚያ የፈላ አሲድና ጨው ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ማግኘታቸውን አሳተሙ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ምሁራን የሚመራ ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ የሆኑትን ኩሬዎች መርምሮ ሕይወት እንደሌለባቸው አስታወቀ። ይህ ቡድን በማይክሮስኮፕ ሥር ሕዋስ መስለው የታዩትን እንክብሎች የኬሚካል ይዘታቸውን ለክቶ ብዙዎቹ የሲሊካ ቅንጣቶች ሆነው አግኝቷቸዋል።