ፒያኖን የፈለሰፈው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ

ፒያኖ ዝማሬን ሲያጅብ ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ነገር ግን ይህን መሣሪያ በመጀመሪያ የሠራውን ሰው የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ሕይወቱን በአጭሩ ልንተርክላችሁ ወደድን።

ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1655 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፓዶቫ ከተማ ተወለደ። በ1688 ዓ.ም. የቶስካና ታላቅ መስፍን ልጅ ፈርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ ወደ ፊሬንዜ አስመጥቶ የዜማ መሣሪያዎቹን እንዲጠብቅ፥ እንዲያድስና አዲስም እንዲሠራ ሾመው።

በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት ይደመጥ የነበረው ቺምባሎ የተባለው መሣሪያ ነበረ። ጣት ቁልፉን ሲጫን በውስጡ ያለች የላባ ጫፍ አውታሩን ቆንጥራ ታስጮኸዋለች። የእኛ በገና ደርዳሪ እንደ ልቡ ስሜት ጣቱን ያበረታል፥ ያለዝባልም፤ በቺምባሎ ግን ጣት ቢበረታም ቢለዝብም የድምፁ ኀይል ያው ነበረ።

ክሪስቶፎሪ ይህን ጉድለት ለማረም ላባውን ትቶ ጫፉ በቆዳ የተሸፈነ ትንሽ መዶሻ አበጀ። ከባዱ ነገር መምታቱ አልነበረም። መዶሻው በአውታሩ ላይ ተጣብቆ ቢቀር ድምፁ ይታፈናልና። ስለዚህ ጣት ከቁልፉ ላይ ሳይነሣ መዶሻው መትቶ ወዲያው እንዲመለስ አደረገ። ጣት ሲነሣ ደግሞ ማፈኛው በአውታሩ ላይ ዐርፎ ድምፁን ዝም ያሰኛል። በ1700 ዓ.ም. የተጻፈው የሜዲቺ ቤት የዕቃ መዝገብ ለስላሳና ብርቱ ድምፅ የሚሰጠውን ይህን አዲስ ሥራ ይጠቅሳል። ፒያኖ የሚለውም ስም በኢጣልያንኛ ለስላሳ ማለት ነው።

በ1711 ዓ.ም. ሺፒዮኔ ማፌይ የተባለ ጸሐፊ ስለ መሣሪያው ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1725 ዓ.ም. በጀርመንኛ ታተመ። ከዚያ በኋላ ኦርጋን ሠሪው ጎትፍሪድ ዚልበርማን በዚያው ስልት ፒያኖ ሠራ። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ መጀመሪያ ቁልፉ ይከብዳል፥ ቀጭኑም ድምፅ ይደክማል ብሎ ነቀፈው፤ ከታረመ በኋላ ግን አመሰገነው። በ1747 ዓ.ም. በፖትስዳም በንጉሥ ፍሬድሪክ ፊት የዚልበርማንን ፒያኖ ተጫወተ።

ክሪስቶፎሪ ግን ይህን አላየም፤ በ1731 ዓ.ም. በፊሬንዜ ዐርፎ ነበርና። ከሞቱም በኋላ ብዙ ሰዎች የፈጠራውን ክብር ለጀርመናውያን ሰጡ። ዛሬ ከእጁ ሥራ ሦስት ፒያኖዎች ብቻ በኒው ዮርክ፥ በሮማና በላይፕሲግ ቀርተው እውነቱን ይመሰክራሉ።

የሥራው ፍሬ እስከ አገራችንም ደርሷል። በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ በፒያኖ ያሰሙት ዜማ በብዙ አገሮች ተደመጠ።

እኛም የክሪስቶፎሪን መዶሻ ስናስብ አንድ ነገር እንማራለን፤ መትቶ ባይመለስ ኖሮ አውታሩ ባልዘመረ ነበር። ሠሪውም እንዲሁ ሥራውን ፈጽሞ ዘወር አለ፤ ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል።